የኒክ ድሬክ ሸክላና አድማጮቹ

ዛሬ የማወራላችሁ ሸክላ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው 28 ደቂቃ ያህል ብቻ የሚፈጅ ነው። በውስጡ 11 ዘፈኖች አሉ። የሚሰማውም አንድ የሰው ድምፅና አንድ ጊታር ነው፤ በመጀመሪያው ዘፈን ላይ አንድ ፒያኖ ለጥቂት ጊዜ ብቅ ይልና ይጠፋል፤ ከዚህ ሌላ ከበሮ የለ፤ ቫዮሊን የለ፤ ተቀባይ የለ። ስሙ «ፒንክ ሙን» ይባላል፤ በእኛ ቋንቋ ሮዝ ጨረቃ እንደ ማለት ነው። ግጥሙን የደረሰው፤ ዜማውን ያወጣው፤ ጊታሩንና ፒያኖውን የተጫወተው፤ የዘፈነውም አንድ ሰው፤ እንግሊዛዊው ኒክ ድሬክ ነው።

ሸክላው በ1972 መጀመሪያ (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) በወጣበት ዘመን የተሸጠው ከ5,000 አልበለጠም። ለአንድ የለንደን ሸክላ ነጋዴ ይህ ቍጥር ከምንም የሚገባ አይደለም። ዛሬ ግን ነገሩ ተገልብጧል። በብዙ አገር ጊታር መማር የጀመረ ወጣት ሁሉ አንድ ቀን ወደዚህ ሸክላ መድረሱ አይቀርም፤ ስለ እርሱ የተጻፈው መጽሐፍና መጣጥፍም መደርደሪያ ይሞላል። ከዘፋኙ ይልቅ የሸክላው ዕድሜ ረዥም ሆነ ማለት ነው።

እኔም ከአድማጮቹ አንዱ ነኝ። ነገር ግን ስለዚህ ሸክላ የሚጻፈውን ምስጋና ባነበብሁ ቍጥር አንድ ነገር ይከነክነኛል። ከጽሑፉ የሚበዛው የሚጀምረው ከዘፈኑ ሳይሆን ከዘፋኙ ሞት ነው። አድማጩ ገና ሸክላውን ሳይሰማ ደራሲው በ26 ዓመቱ መሞቱን ሰምቷል፤ ስለዚህ እያንዳንዱን ግጥም እንደ ኑዛዜ፤ እያንዳንዱን ዝምታ እንደ እንጕርጕሮ ይቀበለዋል። ይህን የሚያደርገው በፍቅር መሆኑን አልክድም። ይሁን እንጂ አንድ ሰው እጁ እስኪቈስል ተለማምዶ የሠራውን ሥራ ወደ ጐን አድርገን በመቃብሩ ላይ ብቻ ብንተክዝ፤ ፍቅራችን ለማን ነው? ዛሬ ከእነዚህ ወዳጆቼ ጋራ ትንሽ ልከራከር ነው የተነሣሁት።

ታሪኩን ባጭሩ ልናገርና ልለፍ፤ ሌሎች በሰፊው ጽፈውታልና። ኒክ ድሬክ በ1948 በበርማ አገር በራንጉን ከተማ ተወለደ፤ አባቱ በዚያ በአንድ የንግድ ኩባንያ መሐንዲስ ነበር። ቤተ ሰቡ ወደ እንግሊዝ አገር ተመልሶ ታንዎርዝ ኢን አርደን በምትባል የገጠር መንደር ተቀመጠ፤ ልጁም ያደገው በዚያ ነው። ማልበራ በሚባለው አዳሪ ተማሪ ቤት ተምሮ ወደ ኬምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ የእንግሊዝ ሥነ ጽሑፍ ማጥናት ጀመረ፤ ሳይጨርስም ተወው። ገና ተማሪ ሳለ ጆ ቦይድ የሚባል አሜሪካዊ የሸክላ አሰናጅ ሰምቶት አይላንድ በሚባለው ኩባንያ በኩል ሸክላ እንዲያወጣ አደረገ። የመጀመሪያው በ1969፤ ሁለተኛው በ1971፤ ሦስተኛውና የመጨረሻው በ1972 ወጡ። ሦስቱም አልተሸጡም። መድረክ ላይ መውጣት አይወድም ነበር፤ ጥቂት ጊዜ ሞክሮ ተወው። በኖቬምበር 1974 በወላጆቹ ቤት ሞተ። ለዓመታት በመንፈስ ጭንቀት ሲሠቃይ የቈየ ሰው ነበር፤ የሞቱም ምክንያት ሐኪም ያዘዘለት መድኃኒት ከመጠን ማለፉ ነው። መርማሪው በፈቃዱ ያደረገው ነው ብሎ ወሰነ፤ በቅርብ ከሚያውቁት መካከል ግን ይህን ውሳኔ ያልተቀበሉ አሉ።

ታሪኩ ይኸው ነው። እንግዲህ ይህን ታሪክ የሰማ አድማጭ ምን እንደሚያደርግ ተመልከቱ። የመጀመሪያው ሸክላ ስም «ፋይቭ ሊቭስ ሌፍት» ይባላል፤ አምስት ቅጠል ቀርቷል እንደ ማለት ነው። ሸክላው የወጣው በ1969፤ ዘፋኙ የሞተው በ1974፤ በመካከሉ አምስት ዓመት አለ። ስለዚህ «ሰውየው የሚሞትበትን ጊዜ ቈጥሮ ያውቅ ነበር» የሚሉ አድማጮች ተነሡ። ነገሩ ግን እንዲህ ነው። በእንግሊዝ አገር ትንባሆ ጠቅልለው የሚያጤሱ ሰዎች የሚገዙት «ሪዝላ» የሚባል ስስ ወረቀት አለ፤ በዚያ ዘመን ወረቀቱ ሊያልቅ ሲል በጥራዙ ውስጥ «አምስት ቅጠል ቀርቷል» የሚል ማስጠንቀቂያ ይገኝ ነበር። ተማሪው ኒክ ይህን አይቶ ለሸክላው ስም አደረገው። ትንቢት ነው የተባለው ነገር ከትንባሆ ወረቀት የተገኘ የተማሪ ቀልድ ነበር።

በዚሁ ሸክላ ላይ ዝና ለሰው የሚመጣለት ከሞተ በኋላ እንደ ሆነ የሚያነሣ አንድ ዘፈን ደግሞ አለ። ይህ በርግጥ ከሕይወቱ ጋራ ስለ ገጠመ ያስደነግጣል። ነገር ግን የእንግሊዝ ባለ ቅኔዎችን ሲያነብ የሚውል የሃያ ዓመት ተማሪ ስለዚህ ካልጻፈ ስለ ምን ሊጽፍ ነው? እኔም በኮሌጅ ሳለሁ ስለ ወጣት ባለ ቅኔ መቃብር አንድ ደብተር ሙሉ ጽፌአለሁ፤ ይኸውና እስከ ዛሬ በሕይወት አለሁ፤ ማታ ማታ የፈተና ወረቀት አርማለሁ።

ወደ «ፒንክ ሙን» እንመለስ። ሁለቱ የፊተኞቹ ሸክላዎች ባለ ብዙ ሰው ነበሩ። በመጀመሪያው ላይ የኬምብሪጅ ባልንጀራው ሮበርት ከርቢ የቫዮሊንና የቼሎ አጀብ ጽፎለታል፤ በሁለተኛው ላይ ከፌርፖርት ኮንቬንሽን ቡድን የመጡ ሙዚቀኞች ከበሮና ባስ ጊታር መትተውለታል። ሁለቱም መልካም ሸክላዎች ናቸው፤ በተለይ የመጀመሪያውን የማይወድ ሰው አላጋጠመኝም። ለሦስተኛው ግን ኒክ ሌላ አሳብ መጣለት። በኦክቶበር 1971 ለድምፅ ቀራጩ ለጆን ውድ ልቅረጽ ብሎ ነገረው። ስቱዲዮው ቼልሲ በሚባለው የለንደን ሠፈር የሚገኝ፤ ቀድሞ የወተት ቤት የነበረ ሕንፃ ነበር። ቀን ቀን ሌሎች ስለሚሠሩበት የሁለቱ ተራ ሌሊት ሆነ። ሁለት ሌሊት ሠሩ፤ አለቀ። ከሁለቱ በቀር በቤቱ ውስጥ ማንም አልነበረም። ውድ ሌላ ሙዚቀኛ ይጨመር ይሆን ብሎ ሲጠይቅ ኒክ አይጨመርም አለ፤ ባዶውን እንዲሆን የፈለገው እርሱ ራሱ ነው።

ከተቀረጹት ዘፈኖች አንዱ «ቲንግስ ቢሃይንድ ዘ ሰን» የሚባለው፤ የዚያ ወቅት ሥራ እንኳ አይደለም። ጆ ቦይድ በሁለተኛው ሸክላ ላይ እንዲገባ ፈልጎ ነበር፤ ኒክ እምቢ ብሎ አቈይቶት ነው። እንግዲህ በአንድ ክፉ ሌሊት ከሰው ልብ የፈሰሰ ነው የምንለው ሸክላ፤ ቀደም ብሎ የተጻፈ፤ ተመርጦ የተቀመጠ፤ ቦታው የተጠበቀለት ዘፈን አለበት ማለት ነው።

ስለ ፒያኖውም ላንሣ። ኒክ የመጀመሪያውን ዘፈን በጊታርና በድምፁ ከቀረጸ በኋላ ተመልሶ በላዩ ላይ ጥቂት የፒያኖ ድምፅ ጨመረ። ዘፈኑ ሁለት ደቂቃ ያህል ነው፤ ፒያኖውም ከዚያ ውስጥ የሚይዘው ትንሽ ነው። በቀሩት ዐሥር ዘፈኖች ላይ አልጨመረም። ፒያኖው እዚያው ከፊቱ ነበር፤ መጫወትም ያውቃል። በአንዱ ጨምሮ በዐሥሩ መተው የሠራተኛ ፍርድ ነው። ጨው በየትኛው ወጥ ላይ እንደሚበቃ የምታውቅ ባለ ሙያ ሴት ይህን ያለ ብዙ ንግግር ትረዳዋለች።

አድማጮች ከሚወዱት ወሬ አንዱ ደግሞ ስለ ሸክላው አቀራረብ ነው። ኒክ የተቀረጸውን ቴፕ ጠቅልሎ ወደ አይላንድ ኩባንያ ቢሮ ገባ፤ ቃል ሳይናገር በእንግዳ መቀበያው ጠረጴዛ ላይ ጥሎ ወጣ፤ ሠራተኞቹም ከቀናት በኋላ ጥቅሉን ፈትተው ምን እንደ ሆነ አወቁ ይባላል። ልብ የሚነካ ወሬ ነው። በዚያን ጊዜ የኩባንያው የጋዜጣ ጕዳይ ሠራተኛ የነበረው ዴቪድ ሳንዲሰን የተናገረው ግን ከዚህ ለየት ይላል። ኒክ መጣ፤ ሳንዲሰን ወደ ቢሮው ይዞት ወጣ፤ ሻይ ጠጡ፤ ለግማሽ ሰዓት ያህል ተቀመጡ፤ ብዙ አልተነጋገሩም፤ ከዚያ ሄደ፤ ቴፑም እታች ቀርቶ ተገኘ። ዝምተኛ ሰው መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን ሻይ የጠጣ ዝምተኛና ጥላ መስሎ ገብቶ የወጣ ዝምተኛ አንድ አይደሉም። ወሬው ከአፍ ወደ አፍ ሲሄድ በመጀመሪያ የጠፋው ሻዩ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ክርክሬ ልምጣ። «ሸክላው የሕመሙ ድምፅ ነው፤ ውበቱም ከሕመሙ የመጣ ነው» የሚሉትን ሰዎች በ1974 የሆነውን እንዲያስታውሱ እለምናቸዋለሁ። በዚያ ዓመት ኒክ አራተኛ ሸክላ ለመጀመር ከጆ ቦይድና ከጆን ውድ ጋራ ወደ ስቱዲዮ ተመለሰ። ሕመሙ በዚያን ጊዜ በጣም ጸንቶበት ነበር። የሆነውም ይህ ነው፤ ጊታር እየመታ መዝፈን አቃተው። ጊታሩን ለብቻ ቀርጸው ድምፁን በኋላ ለብቻ መጨመር ግድ ሆነባቸው። የተገኙትም ጥቂት ዘፈኖች ብቻ ናቸው። ከሦስት ዓመት በፊት በሁለት ሌሊት ዐሥር ዘፈን በአንድ ጊዜ በእጁም በአፉም ያወረደ ሰው ነው!

ስለዚህ ሕመሙ ለኒክ ድሬክ ዘፈን አልሰጠውም፤ ነጠቀው እንጂ። «ፒንክ ሙን» የተሠራው ሕመሙ ባለበት ዘመን መሆኑ እውነት ነው፤ የተሠራው ግን እጁ ገና ይታዘዘው በነበረበት ሰዓት፤ ከሕመሙ በተረፈው ኃይል ነው። ይህን መለየት እንዲሁ የቃላት ጨዋታ አይደለም። እኔ የማስተምራቸው ልጆች የ16ና የ17 ዓመት ናቸው። ከእነርሱ ውስጥ ግጥም የሚሞክሩ አሉ፤ ከሚሞክሩትም መካከል ማዘን ራሱ ተሰጥኦ የሚመስላቸው አሉ። ታላቅ ሥራ የሚወለደው ከመታመም ነው የሚል ወሬ ለእንዲህ ያለ ልጅ ቢነገረው ሐኪም ከመፈለግ ይልቅ ሕመሙን አቅፎ መቀመጥ ይመርጣል። ሸክላውን ስናወድስ ማን እንደሚሰማን እናስብ የምለው ለዚህ ነው።

እስቲ ስለ ጊታሩ እንነጋገር፤ እኔ ከሁሉ የምወደው ይህን ነው። ጊታር ስድስት አውታር አለው፤ ሁሉም የሚያውቀው አንድ የተለመደ ቅኝት አለው። ኒክ ድሬክ በዚህ ቅኝት ብቻ አልተወሰነም። አንዱን አውታር ያላላል፤ ሌላውን ያከርራል፤ ለዘፈኑ የሚስማማ ቅኝት ራሱ ይፈጥራል። ክራር የሚመታ ሰው ከትዝታ ወደ አምባሰል ሲሻገር አውታሮቹን እንደሚያስተካክል ታውቃላችሁ፤ ልዩነቱ የእኛ ክራር መቺ ወደ ታወቀ ቅኝት መሄዱ ነው፤ ኒክ ግን የሚሄድበትን አገር ከሄደ በኋላ ነው የሚያውቀው። በመድረክም ላይ ያስቸገረው ይህ ነበር። በአንዱና በሁለተኛው ዘፈን መካከል አጎንብሶ ሲቃኝ ብዙ ጊዜ ያልፋል፤ ተመልካቹ ወሬ ይጀምራል፤ ብርጭቆ ይንኳኳል፤ ሰውየውም ይበልጥ ይሸማቀቃል። ሸክላ ላይ ግን ይህ ሁሉ አይታይም፤ የሚሰማው ውጤቱ ብቻ ነው።

የአውራ ጣቱን ሥራ ልብ በሉ። ወፍራሞቹን አውታሮች እንደ እግር እርምጃ ሳያቋርጥ ይመታል፤ በዚያን ጊዜ ሌሎቹ ጣቶች በቀጭኖቹ ላይ ሌላ ነገር ይናገራሉ፤ ድምፁ ደግሞ ከሁለቱም ትንሽ ዘግየት ብሎ ይመጣል። «ሮድ» የሚለውን ዘፈን የሰማ ሰው ሁለት ጊታር ነው ቢል አይፈረድበትም። ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ፤ በአንድ ሌሊት፤ ስሕተት ሳይሰማ ማውረድ ለብዙ ጊዜ በብቸኝነት የተለማመደ እጅ ይጠይቃል።

ከሁሉ የላቁ አድማጮች የምላቸውም ይህን እጅ የተከታተሉት ናቸው። ኒክ ቅኝቶቹን ለሕዝብ ጽፎ አልተወም። እየተጫወተ የሚያሳይ ፊልምም የለም። ስለዚህ በየአገሩ ያሉ ጊታር ወዳዶች ሸክላውን አሥር ጊዜ፤ ሃምሳ ጊዜ እያዞሩ፤ አንዱን አውታር እያላሉ ሌላውን እያከረሩ፤ የትኛው ዘፈን በየትኛው ቅኝት እንደ ሆነ በጆሯቸው ብቻ ፈልገው አገኙ፤ ያገኙትንም ጽፈው ለማያውቁት ሰው አካፈሉ፤ የተሳሳተውንም እርስ በርስ አራረሙ። እነዚህ ሰዎች ስለ ሞቱ ብዙ አይናገሩም። ሦስተኛው አውታር ከፍ ይበል ወይስ ዝቅ እያሉ ሲከራከሩ ያመሻሉ። እንዲህ ያለ ክርክር ለአንድ ሙዚቀኛ ከእንባ የበለጠ ክብር ይመስለኛል።

በክፍሌ ያደረግሁትንም ልንገራችሁ። በዚህ ዓመት ሁለት ክፍል የ11ኛ ተማሪዎች የእንግሊዝኛ ቋንቋ አስተምራለሁ። ለአንደኛው ክፍል የዘፋኙን ሕይወትና አሟሟት ነግሬ «ፒንክ ሙን» የሚለውን የመጀመሪያውን ዘፈንና ቃል የሌለውን «ሆርን» የሚባለውን አጭር ዜማ አሰማኋቸው። ለሁለተኛው ክፍል ምንም ሳልናገር እነዚያኑ አሰማሁ። ከዚያ የተሰማችሁን በሁለት በሦስት መስመር ጻፉ አልኋቸው። የአንደኛው ክፍል ወረቀት ልቅሶ፤ ብቸኝነት፤ ጨለማ በሚሉ ቃላት ተሞላ። ከሁለተኛው ክፍል አንዱ «ሰውየው ወደ ቤቱ በእግሩ የሚሄድ ይመስለኛል» አለ፤ አንዷ «ዝናብ ካቆመ በኋላ ቆርቆሮ ላይ የሚንጠባጠብ ውኃ» ብላ ጻፈች፤ ከኋላ የሚቀመጥ አንድ ልጅ ደግሞ «መጨረሻው ቶሎ ነው፤ ለምን አልጨመረም?» ብሎ ጠየቀ። በአጻጻፍ ያበላለጥኋቸው አይደለም፤ ሰዋስዋቸው በሁለቱም ክፍል ያው ነው። ነገር ግን የአንደኛው ክፍል ልጆች የሰሙት እኔን ነው፤ የሁለተኛው ክፍል ልጆች የሰሙት ጊታሩን ነው።

ይህን ካልሁ በኋላ ስለ ማስታወቂያው ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። በ1999 መጨረሻ የፎልክስዋገን አውቶሞቢል ኩባንያ በአሜሪካ ቴሌቪዥን አንድ ማስታወቂያ አወጣ። አራት ወጣቶች ጣሪያው በሚከፈት አውቶሞቢል በጨረቃ ብርሃን በገጠር መንገድ ይሄዳሉ፤ ግብዣ ካለበት ቤት ይደርሳሉ፤ ጩኸቱን ያያሉ፤ እርስ በርስ ይተያያሉ፤ ሳይወርዱ ተመልሰው ወደ መንገዳቸው ይሄዳሉ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሚሰማው የኒክ ድሬክ ዘፈን ነው። ከዚያ በኋላ በጥቂት ወራት ውስጥ በአሜሪካ የተሸጠው የኒክ ሸክላ ከዚያ በፊት በነበሩት ሠላሳ ዓመታት ከተሸጠው በለጠ ይባላል።

የጥንቶቹ አድማጮች ተቈጡ። ለሃያ አምስት ዓመት በምሥጢር ሲያቈዩት የነበረ ነገር በአውቶሞቢል ነጋዴ እጅ ገባ፤ ረከሰ አሉ። ቍጣቸው ይገባኛል፤ እኔም ጥሩ ዘፈን ለሳሙና ማስታወቂያ ሲውል ጥርሴን አፋጫለሁ። ዳሩ ግን አንድ ነገር አስቡ። በዚያ ምሽት ቴሌቪዥን ፊት የተቀመጠው ሰው ስለ ኒክ ድሬክ ምንም አያውቅም፤ ሞቱንም ሕመሙንም አልሰማም። የሰማው በሌሊት መንገድ ላይ የሚሄድ አንድ ጊታርና አንድ ለስላሳ ድምፅ ነው፤ ደስ አለው፤ በማግሥቱ ሸክላ ቤት ሄዶ ይህ ማን ነው ብሎ ጠየቀ። እንደ ሁለተኛው ክፍል ተማሪዎቼ መሆኑ ነው። ከ1974 ወዲህ ዘፈኑን ያለ መርዶ የሰማው የመጀመሪያው ትልቅ ጉባኤ በነጋዴ እጅ የተሰበሰበ መሆኑ የሚያስቅ ነገር ነው፤ ግን እውነት ነው።

በማስታወቂያው የመጡት አድማጮች እስኪመጡ ድረስ ሸክላውን በሕይወት ያቈዩት ጥንታውያኑ መሆናቸውን ደግሞ መርሳት አይገባም። ኩባንያው በ1979 ሦስቱን ሸክላዎች ባንድ ሣጥን አድርጎ «ፍሩት ትሪ» በሚል ስም አውጥቶ ነበር፤ እርሱም ብዙ አልተሸጠም። ዘፈኖቹ የተሻገሩት አንዱ ለአንዱ በማዋስ ነው። ከአድማጮቹ አንዳንዶቹ ከአሜሪካም ከአውሮፓም ተነሥተው ወደ ታንዎርዝ ኢን አርደን መንደር ይመጡ ጀመር። አባቱ ሮድኒና እናቱ ሞሊ በሩን ከፍተው ይቀበሏቸው ነበር፤ የልጃቸውን ክፍል ያሳዩአቸዋል፤ ሻይ ያቀርቡላቸዋል፤ ኒክ በቤት ውስጥ በቴፕ የቀረጻቸውን ዘፈኖችም ያሰሟቸዋል፤ አንዳንዶቹን ቀድተው እንዲወስዱ ፈቅደውላቸዋል። ልጃቸውን የቀበሩ ሁለት ሽማግሎች፤ ለማያውቁት የሩቅ አገር ወጣት፤ ስለ ልጃቸው ሲነግሩ መዋላቸውን ሳስብ ከሸክላው ይልቅ ይህ ያስለቅሰኛል።

ከዚያው ቤት የወጣ ሌላ ነገርም ክርክሬን ይረዳልኛል። እናቱ ሞሊ ድሬክ ራሷ ግጥምና ዜማ ደራሲ ነበረች። ለሕዝብ አልዘፈነችም፤ በቤቷ ፒያኖ ላይ ስትዘፍን ባሏ በቴፕ ቀርጾ አስቀምጦት ነበር። ሮድኒ በ1988፤ ሞሊም በ1993 ካረፉ ከብዙ ዓመት በኋላ፤ በ2013 ይህ ቅጂ ለሕዝብ በወጣ ጊዜ የኒክ አድማጮች ተደነቁ። ያ ልብን የሚያባባ የድምፅ አካሄድ፤ ያ ደስታና ኀዘን ሳይለይ የሚመጣ ነገር፤ የልጁ ሕመም የወለደው ነው ሲባል የኖረው፤ ለካ ኒክ ሕፃን ሳለ በእናቱ ፒያኖ ላይ ይሰማው የነበረ ነው። ሞሊ ባሏን ወዳ ልጆቿን አሳድጋ እስከ እርጅና የኖረች ሴት ናት። ዜማው የመጣው ከቤት ነው፤ እንደ አፍ መፍቻ ቋንቋ።

እንግዲህ «በሸክላው ውስጥ ኀዘን የለም ወይ?» ብትሉኝ፤ አለ። «ፓራሳይት» የሚለው በለንደን ከተማ ሲዘዋወር ራሱን እንደ ጥገኛ ተባይ የሚቈጥር ሰው ዘፈን ነው፤ ጨካኝ ነው፤ የጨከነውም በራሱ ላይ ነው። «ኖው» የሚለውም አንድ አጭር የጊታር ምት እየደጋገመ፤ ማንጐራጐር በዝቶበት፤ ቃሉ በጣት የሚቈጠር ነው፤ በሌሊት ብቻዬን ሁኜ አልሰማውም። እነዚህን በዘፋኙ ሕይወት ውስጥ ሥር የላቸውም ብዬ አልከራከርም። የምለው፤ ኀዘኑም ቢሆን የተሠራ፤ የተለካ፤ በቦታው የተቀመጠ ነው። «ኖው» ባይኖር ኖሮ ከእርሱ በፊት ያለው ረዥሙ «ቲንግስ ቢሃይንድ ዘ ሰን» አሁን ያለውን ክብደት አያገኝም ነበር። በመጽሐፍ ቢሆን ምዕራፍ አከፋፈል እንለዋለን።

ሸክላውን ለማግኘት ዛሬ ለንደን መሄድ አያሻም፤ በእጅ ስልክ ላይ ይገኛል። ብቻ ሁለት ነገር አደራ። አንደኛ፤ ዘፈኖቹን ከሌላ ጋራ አትደባልቁ፤ ከአንድ እስከ ዐሥራ አንድ በተራቸው አዳምጡ፤ ግማሽ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ሁለተኛ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ስታዳምጡ ግጥሙን በዐይን አታንብቡ፤ እንግሊዝኛው ቢያመልጣችሁም አይጨነቃችሁ፤ ጆሯችሁን ለአውራ ጣቱ ስጡት። ግጥሙ በኋላ ይደርሳል። ይህን የምለው እንግሊዝኛ አስተማሪ ሁኜ መሆኑን ልብ በሉልኝ።

መጨረሻ ላይ የምታገኙት ዘፈን «ፍሮም ዘ ሞርኒንግ» ይባላል፤ ከንጋት እንደ ማለት ነው። ከ11ዱ ይህን ያህል ብርሃን ያለበት ሌላ የለም፤ ጊታሩ ይሮጣል፤ ስለ ንጋትና ስለ ተነሡ ሰዎች ይናገራል። ለብቻው ቢሰማ የሐሤት ዘፈን ነው። በሸክላው ላይ ግን ቦታው ከጨለማዎቹ ሁሉ በኋላ ነው። ወላጆቹ ታንዎርዝ በሚገኘው ቤተ ክርስቲያን ዛፍ ሥር ላለው መቃብሩ የሚጻፍ ቃል በፈለጉ ጊዜ ከሦስቱ ሸክላዎች የመረጡት ከዚህ ዘፈን ነው። ቃሉ የተጻፈው በድንጋዩ ጀርባ ነው፤ ለማንበብ የሚፈልግ ሰው ስሙንና ዓመቱን ትቶ ዞር ማለት አለበት።